የቀርከሃው ምት ሰይፍ የሚሆነው መቼ ነው? የታካኖ ሳሳቡሮ ሕይወት (1862–1950) እና በኬንዶ ነጥብ የሚጸድቅበት መስፈርት

አኅጽሮተ ጽሑፍ

በጃፓኑ ኬንዶ ተጋጣሚን በቀርከሃ ሰይፍ መንካት ብቻውን ነጥብ አያስገኝም። ምቱ የሚጸድቀው የተመታው ስፍራ፣ የመታው የሰይፍ ክፍል፣ የስለቱ አቅጣጫ፣ የመቺው መንፈስና አቋም፣ ከምቱም በኋላ የሚታየው ንቃት አንድ ላይ ሲሟሉ ነው። ይህ አጭር ጥናት የመስፈርቱን ታሪካዊ መነሻ ከዘመናዊው ኬንዶ ታላላቅ መምህራን አንዱ በሆነው በታካኖ ሳሳቡሮ ሕይወት በኩል ይመረምራል። የጥናቱ መከራከሪያ መስፈርቱን አስፈላጊ ያደረገው የሰይፉ ከማኅበራዊ ሕይወት መውጣት ነው የሚል ነው። ታካኖ ምቱን ለብዙኃን ሊማሩት በሚቻል መልክ ከፋፍሎ አቀረበ፤ ይሁን እንጂ የፍርዱ እምብርት እስከ መጨረሻው በዳኛው ዐይን ላይ እንደ ተመሠረተ ቆየ። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. መግቢያ

ኬንዶን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመለከት ሰው ግራ የሚጋባው በነጥብ አቆጣጠሩ ነው። ሁለት ተጋጣሚዎች የራስ ቁር፣ የደረት ጥሩርና ወፍራም ጓንት አጥልቀው፣ ሺናይ የተባለውን የቀርከሃ ሰይፍ ይዘው ይፋለማሉ። ቀርከሃው ቁሩን ደጋግሞ ሲመታ ይሰማል፤ ዳኞቹ ግን ዝም ይላሉ። ከዚያ ለተመልካቹ ከቀደሙት የማይለይ የሚመስል አንድ ምት ሲሰነዘር ሦስቱም ባንዲራ ያነሣሉ። የመደበኛ ግጥሚያ ሕግ አሸናፊው ከሦስት ነጥብ ሁለቱን እንዲያገኝ ይጠይቃል፤ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ብዙ ንክኪ ታይቶ አንድም ነጥብ ሳይመዘገብ መቅረቱ ግን እንግዳ ነገር አይደለም።

የዛሬው ዓለም አቀፍ ደንብ የሚጸድቀውን ምት ዩኮ ዳቶትሱ ይለዋል። በደንቡ መሠረት ምቱ ከአራት ስፍራዎች በአንዱ ማለትም በራስ፣ በእጅ አንጓ፣ በጎን ወይም በጉሮሮ መከላከያ ላይ ማረፍ አለበት። የሚመታው የሺናዩ ክፍል ወደ ጫፉ ያለውና ስለት ሆኖ የሚታሰበው ገጽ ነው። ሺናይ ክብ እንደ መሆኑ ስለት የለውም፤ ከጫፉ እስከ እጀታው የተወጠረው ክር የሰይፉን ጀርባ ስለሚያመለክት ግን በተቃራኒው ያለው ገጽ እንደ ስለት ይቆጠራል። ምቱ በሙሉ መንፈስና በትክክለኛ አቋም መሰንዘር፣ በመጨረሻም ዛንሺን በተባለው ንቃት መታሰር ይኖርበታል። ከሦስቱ ዳኞች ቢያንስ ሁለቱ ካልተስማሙ ነጥቡ አይመዘገብም። ምቱ ከጸደቀ በኋላም መቺው ተገቢ ያልሆነ የደስታ ወይም የጉራ ምልክት ካሳየ ዳኞቹ ነጥቡን ሊሽሩት ይችላሉ።

ከእነዚህ መስፈርቶች ገሚሱ በዐይን የሚለካ፣ ገሚሱ ግን የመቺውን ውስጣዊ ሁኔታ የሚመለከት ነው። አንድ የውድድር ሕግ የሰውን መንፈስ በምን አግባብ ይዳኛል? ይህን ጥያቄ ለመመርመር የታካኖ ሳሳቡሮ ሕይወት አመቺ መንገድ ነው። ታካኖ የተወለደው ሳሙራዮች ሰይፍ ታጥቀው በሚሄዱበት የመጨረሻው ዘመን ሲሆን፣ ያረፈው ደግሞ ኬንዶ በአሸናፊ ኃያላን ትእዛዝ ታግዶ በነበረበት ወቅት ነው።

2. ልደትና የመጀመሪያ ትምህርት

ታካኖ በ1862 ከዛሬዋ ቶክዮ በስተሰሜን ምዕራብ በምትገኘው ተራራማዋ ቺቺቡ ተወለደ። አያቱ የኢቶ ትምህርት ቤት ሰይፈኛ ነበር፤ ልጁንም ገና በሕፃንነቱ የሰይፍን ጥበብ ማስተማር ጀመረ። ታካኖ በስድስት ዓመቱ ግድም በኦሺ መስፍን ፊት ሃምሳ ስድስት የተጣመሩ የሰይፍ ቅንብሮችን አሳይቶ ተሸልሟል ተብሎ ይተረካል።

የዚህ ቤተሰብ የትምህርት ሐረግ ለተነሣው ጥያቄ ቀጥተኛ ትርጉም አለው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን፣ የናካኒሺ ቤተሰብ የሚመራው የኢቶ ቅርንጫፍ ቁርና ጥሩር ለብሶ በቀርከሃ ሰይፍ መፋለምን ካስፋፉት ወገኖች ግንባር ቀደሙ ነበር። ከዚያ በፊት ሥልጠናው በአመዛኙ በእንጨት ሰይፍ የሚከናወን፣ አስቀድሞ የተወሰነ ቅንብር ነበር፤ በእንጨት ሰይፍ በሙሉ ኃይል የሚመታ ሰው ባልንጀራውን ይገድላልና። ጥሩሩና ሺናዩ ሰይፈኞች ያለ ገደብ እንዲመታቱ አስቻሉ። ትርፉ እውነተኛ ግጥሚያ ነበር፤ ኪሳራው ደግሞ ምት ያለ መዘዝ መሆኑ ነው። የማይቆርጥ መሣሪያ የማይጎዳ ሰውነት ላይ ሲያርፍ ቆረጠ ወይም አልቆረጠም የሚለው ጉዳይ ፍርድ የሚሻ ሆነ። ታካኖ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሁለቱንም፣ ቅንብሩንና ግጥሚያውን፣ አብሮ ተማረ።

3. ሽንፈትና የያማኦካ ቴሹ ደጅ

በ1879 ዐሥራ ሰባት ዓመት ገደማ የሆነው ታካኖ በአንድ የሰይፍ ውድድር ላይ ከኦካዳ ሳዳጎሮ ጋር ተጋጥሞ ክፉኛ ተሸነፈ። እስከዚያ ድረስ በአካባቢው የተደነቀ ወጣት ስለ ነበር ሽንፈቱ ቂም አሳደረበት። ለበቀል ራሱን ለማዘጋጀት ወደ ቶክዮ ወርዶ የያማኦካ ቴሹ ተማሪ ሆነ።

ያማኦካ ቴሹ (1836–1888) በሰይፉ ብቻ ሳይሆን በዜን ተመስጦው የታወቀ፣ በ1868ቱ የመንግሥት ለውጥ ወቅትም ኤዶ ያለ ደም መፋሰስ እንድትሰጥ ባደረገው ድርድር የተሳተፈ ሰው ነበር። በእርሱ ዘንድ የሥልጠናው ክብደት በብልሃት ላይ ሳይሆን በጽናት ላይ ያርፍ ነበር፤ አንድ ተማሪ ትኩስ ተጋጣሚዎች እየተፈራረቁበት ቀኑን ሙሉ የሚፋለምበት ከባድ ፈተና የዚህ ትምህርት መታወቂያ ነው። ሰውነት ሲዝል ጥቃቅን ብልሃቶች ይከዳሉ፤ የሚቀረው ያለ ማመንታት የሚሰነዘር አንድ ምት ብቻ ነው። ለበቀል የመጣው ወጣት ከቴሹ ዘንድ የወሰደው ትምህርት፣ ምትን የሚመዝነው መድረሱ ሳይሆን የመነጨበት ልብ መሆኑን ነው። በኋላ ዘመን መንፈስ ተብሎ በደንብ ውስጥ የሰፈረው ቃል ለታካኖ ትውልድ በእንዲህ ያለ ድካም የተፈተነ ተጨባጭ ነገር ነበር።

4. ሰይፍ በሌለበት ዘመን ሰይፈኛ መሆን

ታካኖ ለዐቅመ አዳም በደረሰበት ወቅት ሙያው የመጥፋት አደጋ ላይ ነበር። በ1876 የወጣው ዐዋጅ ከጥቂት ባለ ሥልጣናት በቀር ማንም ሰው በአደባባይ ሰይፍ እንዳይታጠቅ ከለከለ። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1873፣ ሳካኪባራ ኬንኪቺ የተባለው ሰይፈኛ ሥራ ያጡ ባልንጀሮቹን ለመርዳት በክፍያ የሚታይ የፍልሚያ ትርኢት ጀምሮ ነበር። ትርኢቱ ሙያውን ከረኀብ አተረፈ፤ ሆኖም ሰይፈኛው በሕዝብ ጭብጨባ እንዲኖር ስላደረገው የተጋነነ ጩኸት፣ ለዐይን የሚያምር እንቅስቃሴና ከምት በኋላ የሚደረግ ጉራ እንዲበዛ ምክንያት ሆኗል ተብሎ ተተችቷል። የዛሬው ደንብ ጉራን በነጥብ ሽረት መቅጣቱ ከዚህ ትዝታ አንጻር ሲታይ ትርጉሙ ይጎላል።

ሁለተኛው መጠጊያ ፖሊስ ነበር። በ1877 በሳትሱማ ዐመፅ ሰይፍ የያዙ ፖሊሶች በጦር ሜዳ ጥቅማቸውን ካሳዩ በኋላ የቶክዮ ፖሊስ ታዋቂ ሰይፈኞችን በመምህርነት መቅጠር ጀመረ። ታካኖም በቴሹ ድጋፍ በ1886 ከእነዚህ መምህራን ተርታ ገባ። በዚያ ከልዩ ልዩ ትምህርት ቤቶች የመጡ ሰይፈኞች በየቀኑ ይጋጠሙ ነበር። አንዱ ትምህርት ቤት ፈጣን የአንጓ ምትን ሲያከብር ሌላው ከላይ የሚወርድን ከባድ ምት ብቻ እንደ ቁርጥ ይቆጥር ስለ ነበር የጋራ መለኪያ አስፈለገ። ታካኖ ብዙም ሳይቆይ ወደ ሳይታማ ተዛውሮ በኡራዋ ሜይሺንካን የተባለውን የልምምድ አዳራሹን ከፈተ፤ ቆይቶም በቶክዮ ሌላ ጨመረ።

5. ከአዳራሽ ወደ ትምህርት ቤት

በ1895 በኪዮቶ የተመሠረተው የታላቋ ጃፓን የጦር ጥበባት ማኅበር፣ በአጭሩ ቡቶኩካይ፣ የተበታተኑትን ትምህርት ቤቶች በአንድ ጥላ ሥር ሰበሰበ። ውድድሮችን አዘጋጀ፤ ማዕረግ ሰጠ፤ የዳኝነት ደንብም አወጣ። ታካኖ ግን ትልቁን አሻራውን ያኖረው በትምህርት ሚኒስቴር በኩል ነው። በ1908 በቶክዮ ከፍተኛ የመምህራን ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመረ፤ ከሦስት ዓመት በኋላም የሰይፍ ትምህርት በመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በምርጫ እንዲሰጥ ተፈቀደ።

ይህ ፈቃድ የማስተማሪያውን ዘዴ ከሥሩ ለወጠ። በአሮጌው ሥርዐት መምህሩ እያንዳንዱን ተማሪ በግል ይገጥመዋል፤ መጥፎውን ምት ችላ ብሎ ያልፋል፤ መልካሙን ምት ደግሞ ራሱን ከፍቶ ይቀበላል። ተማሪው የምትን ትክክለኛነት የሚማረው ከዓመታት ልምምድ በኋላ በአካሉ ነው እንጂ በቃል አይደለም። አንድ መምህር አርባ ሃምሳ ተማሪ ባለበት ክፍል ይህን ማድረግ አይችልም። ታካኖ ያዳበረው የቡድን ማስተማሪያ ዘዴ ተማሪዎችን አሰልፎ፣ በትእዛዝና በቁጥር፣ አቋምን፣ እርምጃን፣ አያያዝንና ምትን ለየብቻ ያለማምዳል። ምት የተባለው አንድ ቅጽበታዊ ድርጊት በዚህ መንገድ ወደ ክፍሎቹ ተበተነ።

በ1915 ያሳተመው ኬንዶ የተሰኘው መጽሐፍ የዚህ ሥራ ፍሬ ነው። መጽሐፉ የምት ዐይነቶችን ዘርዝሮ መደበ፤ ቅድሚያን የመውሰድ ጥበብንም በሦስት ደረጃ ከፈለ። አንደኛው የተጋጣሚው ሐሳብ ወደ ድርጊት ሳይለወጥ መቅደም፣ ሁለተኛው ተጋጣሚው ሲነሣ አብሮ ተነሥቶ መርታት፣ ሦስተኛው ጥቃቱን አክሽፎ በምላሽ መምታት ነው። ይህ ክፍፍል ዛሬም በኬንዶ ማስተማሪያዎች ይገኛል። ከነጥብ አንጻር ፋይዳው ግልጽ ነው፤ በአጋጣሚ የደረሰን ንክኪ ከተገባ ድል የሚለየው ምቱ ከእነዚህ ዕድሎች በአንዱ ላይ ታስቦ መሰንዘሩ ነውና።

ከዚሁ ጋር የሚነሣው መንፈስ፣ ሰይፍና አካል አንድ ይሁኑ የሚለው መርሕ ነው። ጩኸቱ፣ የሺናዩ ማረፍና የፊተኛው እግር መሬት መርገጥ በአንድ ቅጽበት መሆን አለባቸው። መርሑ ለዳኛ ትልቅ እርዳታ ይሰጣል፤ መንፈስን በቀጥታ ማየት ባይቻልም ድምፁን መስማት፣ ከእግሩና ከሰይፉ ጋር መግጠሙን መታዘብ ይቻላል። ውስጣዊው ነገር በውጫዊ ምልክቶች ስምምነት ይገለጣል ማለት ነው።

6. ሳይነካ የሚጸድቅ ቁርጥ

ታካኖ በ1912 ለመላው ጃፓን አንድ ወጥ የሰይፍ ቅንብር ያዘጋጀው ኮሚቴ አባል ነበር። ሥራውን ከመሩት አምስት ዋና አባላት አንዱ እርሱ ሲሆን፣ ሌሎቹ ኔጊሺ ሺንጎሮ፣ ጹጂ ሺንፔይ፣ ናይቶ ታካሃሩና ሞንና ታዳሺ ነበሩ። ኮሚቴው ሰባት በረጅም ሰይፍ፣ ሦስት በአጭር ሰይፍ የሚከናወኑ በድምሩ ዐሥር ቅንብሮችን አጸደቀ።

ቅንብሮቹ ያለ ጥሩር፣ በእንጨት ወይም በብረት ሰይፍ ስለሚከናወኑ ምቱ ከባልንጀራው ሰውነት በላይ ጥቂት ቀርቶ ይቆማል። በመጀመሪያው ቅንብር አጥቂው ከላይ ወደ ታች ሲሰነዝር ተከላካዩ ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ ሰይፉን ባዶ ያሳልፈዋል፤ ወዲያውም ራሱ ላይ ይሰነዝራል። ፍልሚያው ግን በዚህ አያበቃም። አሸናፊው የሰይፉን ጫፍ በተሸናፊው ዐይኖች መካከል ያነጣጥራል፤ ተሸናፊው ሲያፈገፍግም እግሩን አስቀድሞ ሰይፉን ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ ይጠብቃል። ይህ ጥበቃ ዛንሺን ነው፤ በአማርኛ ቀሪ ልቡና ሊባል ይችላል።

ከግጥሚያው ጋር ሲነጻጸር እዚህ ላይ አንድ ተቃርኖ ይታያል። በቅንብሩ ሰይፉ ሳይነካ ቁርጡ ሙሉ ነው፤ በግጥሚያው ደግሞ ሺናዩ ነክቶም ቁርጡ ባዶ ሊሆን ይችላል። ንክኪ ለነጥብ በቂ እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም። ሁለቱ የሚገናኙት በተቀሩት መስፈርቶች ማለትም በርቀት ልክ፣ በስለት አቅጣጫ፣ በአቋምና በቀሪ ልቡና ነው። የቆየው የሰይፈኞች ትምህርት ዛንሺንን በጽዋ ውኃ ይመስለዋል። ውኃውን ሳይሰስት በአንድ ጊዜ የሚደፋ ሰው ጽዋው ሥር ጥቂት ጠብታ ይቀርለታል። ምትም እንዲሁ ነው፤ ሁሉን ሰጥቶ የመታ ሰው ንቃቱ ሳይፈልገው ይቀራል፤ ለመከላከያ ቆጥቦ የመታ ግን ምቱንም ንቃቱንም ያጣል።

7. የናይቶ ተቃውሞና የ1929ኙ ውድድር

ነጥብ የሚጸድቅበት መስፈርት ሲብራራ ነጥብ ራሱ የልምምዱ ግብ የመሆን አደጋ ይመጣል። ይህን አደጋ አጥብቆ የተናገረው ናይቶ ታካሃሩ (1862–1929) ነው። ናይቶ ከታካኖ ጋር በአንድ ዓመት የተወለደ፣ በኪዮቶ የቡቶኩካይ ዋና መምህር የነበረ፣ በቅንብሩም ኮሚቴ አብሮት የሠራ ሰው ነው። ተማሪዎቹን ሰፊና ቀጥተኛ የራስ ምትን ደጋግመው እንዲለማመዱ እንጂ ለማሸነፊያ የሚሆኑ ብልሃቶችን እንዲያጠራቅሙ አይፈልግም ነበር። በምሥራቅ ታካኖ፣ በምዕራብ ናይቶ የዘመኑ ሁለት ምሰሶዎች ተደርገው ይታዩ ነበር።

በ1929 የንጉሠ ነገሥቱን በዓለ ሢመት ምክንያት በማድረግ በቤተ መንግሥቱ ቅጥር ግቢ በእርሱ ፊት የሚካሄድ ታላቅ ውድድር ተዘጋጀ። ናይቶ አሸናፊን በዚህ መልክ መምረጥ ኬንዶን ይጎዳል ብሎ ተቃወመ፤ ውድድሩ በግንቦት ወር ከመካሄዱ ጥቂት ሳምንታት በፊትም ዐረፈ። ታካኖ ግን በበዓሉ ተገኝቶ ከናካያማ ሃኩዶ ጋር ቅንብሩን አሳየ። በመምህራኑ ምድብ ለፍጻሜ የደረሱት ሞቺዳ ሞሪጂና ታካኖ ሺገዮሺ ነበሩ። ሞቺዳ ውድድሩን የተቃወመው የናይቶ ተማሪ ሲሆን ሺገዮሺ የታካኖ ሳሳቡሮ የማደጎ ልጅ ነው። ድሉ የሞቺዳ ሆነ።

ይህን ውጤት ለአንዱ ወገን ማስረጃ አድርጎ መውሰድ ያስቸግራል። የናይቶ ደቀ መዝሙር መምህሩ ባልወደደው መድረክ ማሸነፉ ለማሸነፍ ያልታሰበ ሥልጠና የሚጸድቅ ምትን ሊያፈራ እንደሚችል ያሳያል። በሌላ በኩል ይህን ምት ለይቶ የሚያውቅ ዳኝነት ባይኖር ኖሮ ጥራቱ በይፋ አይመሰከርም ነበር። ሁለቱ መምህራን የተለያዩት ምን ዐይነት ምት መልካም ነው በሚለው ሳይሆን፣ መልካሙን ምት መቁጠር ይጠብቀዋል ወይስ ያበላሸዋል በሚለው ነው።

8. እገዳና የመጨረሻ ዓመታት

የታካኖ የማስተማሪያ ዘዴ ሌላ ገጽታም ነበረው። በትእዛዝና በቁጥር የሚንቀሳቀስ የተማሪ ሰልፍ ለወታደራዊ ሥልጠና ቅርብ ነው፤ በ1930ዎቹና በጦርነቱ ዓመታት መንግሥት ኬንዶን ለጦረኝነት ትምህርት ሲያውለው ይህ መልክ ተመቸው። ጃፓን በ1945 ከተሸነፈች በኋላ ኬንዶ በትምህርት ቤቶች ታገደ፤ ቡቶኩካይም በ1946 ፈረሰ። ሰማንያ ዓመት ያለፈው ታካኖ የሕይወቱ ሥራ ከየክፍሉ ሲወጣ በዐይኑ አየ።

በ1950 ሺናይ ክዮጊ የተባለ ምትክ ውድድር በማኅበር ተደራጀ። ቀላል ልብስና ለስላሳ ሺናይ የሚጠቀም፣ ጩኸትን የሚከለክል፣ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ የተገኘን ነጥብ የሚቆጥር ስፖርት ነበር። ከጦርነት ትዝታ ለመራቅ ታስቦ የተሠራው ይህ ስፖርት የመንፈስን ድምፃዊ ምልክት ሲያስወግድ ነጥብን ወደ ንክኪ አስጠጋው። ታካኖ በዚያው ዓመት መጨረሻ በሰማንያ ስምንት ዓመቱ ዐረፈ። የመላው ጃፓን ኬንዶ ፌዴሬሽን የተመሠረተው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1952 ነው። ኬንዶ ሲመለስ የተመለሰው ከጩኸቱ፣ ከስለቱ አቅጣጫና ከዛንሺኑ ጋር ነበር፤ ሺናይ ክዮጊም በ1954 በፌዴሬሽኑ ውስጥ ተጠቃለለ።

9. ማጠቃለያ

ከታካኖ ሕይወት ሦስት ነጥቦች ይወጣሉ። አንደኛ፣ በኬንዶ የሚጸድቀው ምት ከጥንት እንዳለ የወረደ ቋሚ ነገር አይደለም። ሰይፉ በሚቆርጥበት ዘመን ፍርዱን የሚሰጠው ቁስሉ ነበር፤ ሺናይ፣ ጥሩርና የሰይፍ ክልከላ ሲመጡ ቁስሉ የተወውን ስፍራ መስፈርት ሞላው። ሁለተኛ፣ መስፈርቱ በቃል ሊገለጽ የቻለው ለብዙኃን ማስተማር ግድ ስለ ሆነ ነው፤ የታካኖ ድርሻም ምትን ፈታትቶ እንደ ገና በአንድነት መርሕ ማሰሩ ነው። ሦስተኛ፣ ክፍሎቹ ሁሉ ቢዘረዘሩም ድምራቸው ፍርድን አይተካም። ስፍራው፣ ስለቱና እግሩ ትክክል ሆነው ምቱ ባዶ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ይህን የሚለየው ራሱ በዚያ መንገድ ያለፈ ዳኛ ነው።

የናይቶ ሥጋትም አልተዘጋም። ዛሬ ኬንዶ በብዙ አገሮች ውድድር ይካሄድበታል፤ ተወዳዳሪዎች ባንዲራ የሚያስነሣውን ምት አጥንተው ለዚያ ብቻ ሊለማመዱ ይችላሉ። ደንቡ ለዚህ ያለው መከላከያ ዳኛውን በንክኪው ቅጽበት ሳይሆን ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት እርምጃዎች ላይ እንዲያተኩር ማድረጉ ነው። ተጋጣሚው ምቱን አሳርፎ ሲያልፍ፣ ዞሮ ሺናዩን ሲያቀናና ያሸነፈውን ሰው አሁንም እንደ ሕያው ባላንጣ ሲጠብቅ ምቱ ይጸድቃል፤ ለጭብጨባ ፊቱን ያዞረ እንደ ሆነ ግን ቀርከሃው ቀርከሃ ሆኖ ይቀራል።